ክረዝ ገጠር ውስጥ የከረመ ቤት ለመክፈት፦ ከለንደን የስድስት ቀን ጉዞ

በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ ከሊሞዥ ሰሜን ምሥራቅ፣ ክረዝ የሚባል አውራጃ አለ። ሕዝቡ ከ120,000 ያነሰ ነው፤ ደንና የከብት ግጦሽ የበዛበት፣ የድንጋይ ቤት በአገሪቱ ከረከሰባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። ብሪታንያ እየኖሩ የዕረፍት ቤት የገዙ ሰዎች እዚህ ብዙ ናቸው። ቤቱ ከኖቬምበር ጀምሮ ተዘግቶ ይከርምና በኤፕሪል ይከፈታል። ይህ ማስታወሻ የመክፈቻውን ጉዞ ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ይከተላል፤ ሰዓቶቹ በፈረንሳይ ልማድ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሐሙስ መነሳት ምክንያት አለው። ዓርብ ውሃው ተከፍቶ የሚያፈሰው ቦታ ሲታወቅ፣ ቅዳሜ የቧንቧ ዕቃ መደብሮች ክፍት ናቸው። ቅዳሜ የሚደርስ ሰው ግን እሑድን ያለ ውሃ ሊውል ይችላል፤ ሰኞም ብዙ የገጠር ሱቅ አይከፈትም።

ሐሙስ፦ ከለንደን እስከ ሻርትር

ከመኪናው በፊት ፓስፖርቱን እዩ። የብሪታንያ ፓስፖርት በምትገቡበት ቀን ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ከሼንገን (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ካነሱት የአውሮፓ አገሮች) በምትወጡበት ቀን ደግሞ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው መሆን አለበት። ሁለቱ ለየብቻ ይታያሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት የታደሰ ፓስፖርት የአሮጌው ትርፍ ወራት ተጨምረውበት ከ10 ዓመት በላይ የሚያገለግል ሊመስል ይችላል፤ የያዙት ሰዎች ከበር የሚመለሱት በዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብሪታንያ የሚኖር ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ቋሚ ቢሆን እንኳ፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የቤቱ ካርታ በስሙ መሆኑ ቪዛውን አይተካለትም። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ሲጠይቅ ግን የባለቤትነት ሰነዱና የፈረንሳይ የግብር ደረሰኙ ከማመልከቻው ጋር ቢያያዙ ይጠቅሙታል።

መኪና ጭኖ በባሕር ሥር የሚያልፈው ባቡር በሚነሳበት ፎክስቶን ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ የሚፈትሻችሁ ባቡሩ ላይ ሳትወጡ፣ እዚያው እንግሊዝ ምድር ነው። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የመግቢያና የመውጫ ምዝገባ ተጀምሯል፤ በመጀመሪያው ጊዜ የፊት ፎቶና የጣት አሻራ ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ የቆይታ ቀናችሁን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። ባቡሩ መኪናችሁን ይዞ በ35 ደቂቃ ካሌ ይደርሳል።

ጓዝ ስታሰናዱ፣ ከብሪታንያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን አትርሱ። ንጥር ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ለንደን ይቅሩ፤ በርበሬና ሽሮ በዚህ ክልከላ ውስጥ የሉም። ቅቤ ክረዝ ሞልቷል፣ እዚያው ገዝቶ ማንጠር ይቻላል። ዕቃም ቢሆን በመኪና ለሚገባ አዋቂ ተጓዥ ያለ ቀረጥ የሚፈቀደው እስከ 300 ዩሮ የሚያወጣ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ማቀዝቀዣና ሶፋ ከእንግሊዝ ጭኖ መሄድ ከብሬግዚት በኋላ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መኪናው ላይ ዩኬ የሚል ምልክት ይለጠፍ፤ የድሮው ጂቢ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ አያገለግልም። የፊት መብራቱ በግራ ለሚነዳበት አገር የተስተካከለ ስለሆነ ብርሃኑ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ ማስተካከያ ይደረግለት። አንጸባራቂ ሰደርያ ከሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት፣ ወንበሩ አጠገብ ይሁን። በአውራ ጎዳና የፍጥነት ገደቡ 130 ነው፣ ሲዘንብ 110፤ በገጠር መንገድ ብዙ ቦታ 80።

መንገዱ ከካሌ በኤ16 እና በኤ28 ወደ ሩዋን፣ ከዚያ በኤቭሩና በድሩ አድርጎ ወደ ሻርትር ነው። ሩዋን አካባቢ የሚያገኛችሁ ኤ13 የክፍያ በሮቹ ተነስተውለታል። ካሜራ ታርጋውን ያነሳል፣ ማንም አያስቆማችሁም፣ ሂሳቡ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት መከፈል አለበት፤ ካለፈ ቅጣት ይጨመርበታል። ሻርትር ማደሩ ለድካም ብቻ አይደለም። ክረዝ ማታ የሚደርስ ሰው ውሃውን በጨለማ ይከፍታል፤ በጨለማ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚወርድ ውሃ አይታይም።

ዓርብ፦ መብራቱና ውሃው

ከሻርትር በ8 ሰዓት ተነስታችሁ በኦርሌያን በኩል ወደ ቪዬርዞን ውረዱ፤ ከቪዬርዞን በኋላ ኤ20 እስከ ሊሞዥ ድረስ ያለ ክፍያ ነው። ላ ሱተሬን ከ12 ሰዓት በፊት ድረሱና የሚበላውን ግዙ፤ ትንንሽ ሱቆች ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይዘጋሉ።

ደጃፍ ስትደርሱ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ቤቱን ዙሩት። ከጣሪያው የተንሸራተተ ድንጋይ፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ የውሃ መስመር ካለ አሁን ፎቶ አንሱ፤ ኢንሹራንስ ቀኑን ይጠይቃል። ከመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያ ጀርባና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የእስያ ተርብ ጎጆ አለመኖሩን አረጋግጡ። ይህ ተርብ ፈረንሳይ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2004 ነው፣ ከዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ። በኤፕሪል ንግሥቲቱ ብቻዋን ናት፣ ጎጆዋም ከብርቱካን አይበልጥም፤ በዚህ ወር ካልተነሳ በበጋ ባለሙያ መጥራት ግድ ይሆናል።

ከዚያ ኤሌክትሪክ። ዋናው ብሬከር ከመነሳቱ በፊት የቦይለሩ ብሬከር መውረዱን እዩ፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ባዶ ቦይለር ይግላል፣ ውስጡ ያለው የማሞቂያ ዘንግም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ዋናው ሲነሳ፣ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበትን ብሬከር የመፈተሻ ቁልፍ ተጫኑ። ወዲያው ካልቆረጠ የሞተ ነው፤ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው የሚያድነው እሱ ስለሆነ ሳይቀየር ውሎ ማደር የለበትም።

ብዙ የገጠር ቤት የኤሌክትሪክ ውል 6 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ በአንድ ጊዜ 6 ኪሎ ዋት ያህል መጠቀም ያስችላል ማለት ነው። የእንግሊዝ ማንቆርቆሪያ 3 ኪሎ ዋት ይወስዳል፣ ቦይለሩ 2.2፣ አንድ የክፍል ማሞቂያ 1.5፤ ሦስቱ አብረው ሲበሩ 6.7 ይሆንና ሊንኪ የሚባለው ቆጣሪ ይቆርጣል። ሲቆርጥ አንዱን አጥፍታችሁ በቆጣሪው ላይ ያለውን የመደመር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ትንሽ ያዝ አድርጉት። ወደ 9 ለማሳደግ ኤሌክትሪክ ለሚሸጥላችሁ ኩባንያ መንገር ይበቃል፤ ከሩቅ ይስተካከላል፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ከፍ ይላል።

ውሃው ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስጡት። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር፣ ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ምንም ሳትነኩ ቁጥሩን አንብቡና በመከር ስትዘጉ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ከፍ ካለ ክረምቱን ሁሉ አንድ ነገር አፍስሷል ማለት ነው። ቀጥሎ በቤት ውስጥ ያሉትን የማፍሰሻ መክፈቻዎች በሙሉ ዝጉ፤ ቧንቧዎቹንም ዝጉ፣ ከቤቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ካለው አንድ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ በቀር። የልብስ ማጠቢያው መስመርና የሽንት ቤቱ መክፈቻ አይረሱ።

አሁን ዋናውን መክፈቻ ሩብ ያህል ብቻ አዙሩና ቁሙ። ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ነው። ውሃው በሙሉ ኃይል ቢገባ አየሩን ገፍቶ መጋጠሚያዎቹን ይመታል፣ ክረምቱን የተረፈው የላስቲክ ማሸጊያ በዚህ ምት ይሄዳል። ላይ የተከፈተው ቧንቧ መትፋቱን አቁሞ እኩል ሲፈስ ዝጉት፤ ዋናውንም እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ከዚያ ወደ ቆጣሪው ተመለሱ። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርሳም ክብ የምትዞር ከሆነ ፍሳሽ አለ። የቤቱን የውስጥ መዝጊያ ዝጉ፤ ክቧ ከቆመች ጉዳቱ ቤት ውስጥ ነው፣ መዞሯን ከቀጠለች በቆጣሪውና በቤቱ መካከል መሬት ውስጥ ነው። ይህ ምርመራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠራ ግን ከግማሽ በላይ ሥራውን ይጨርስለታል።

ክቧ ከቆመች ቦይለሩን ሙሉ። የወጥ ቤቱን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ያለ አየር እኩል እስኪፈስ ጠብቁ፤ 200 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሲሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ ብሬከሩን አንሱ። ቦይለሩ በሌሊቱ ርካሽ ታሪፍ የሚሠራ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ዜሮ፣ አውቶና አንድ የሚሉ ሦስት ቦታዎች ያሉት ማብሪያ ታገኛላችሁ፤ ለዛሬ አንድ ላይ አድርጉት፣ ሌሊት ራሱ ወደ አውቶ ይመለሳል። 200 ሊትር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ሲሞቅ ከሥሩ ካለው የደኅንነት ቫልቭ ውሃ ቢንጠባጠብ አትደንግጡ፤ ውሃ ሲግል ይሰፋል፣ ቫልቩም በ7 ባር ይለቀዋል። ሳይሞቅም የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩ ይቀየር። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች አይሁን፤ በቆመ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባል። የሻወሩን ራስ ፈትታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ሙቁን ውሃ ጥቂት ደቂቃ አፍስሱት።

ቅዳሜ፦ የቧንቧ ዕቃ ቀን

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በመከር ቤቱን ስትዘጉ ውሃው ባልወጣበት ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ የሆነውን ዛሬ ታያላችሁ። ቶሎ የሚጎዱት የውጭው ቧንቧ፣ የሻወሩ ማቀላቀያና የሽንት ቤቱ መሙያ ናቸው። የመዳብ ቧንቧ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህም ያብጣል፤ ስለዚህ ስንጥቁን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይበቃም፣ ያበጠው ክፍል ጨርሶ ካልተወገደ አዲሱ መጋጠሚያ አይገባም።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ይቸገራል። የእንግሊዝ የመዳብ ቧንቧ 15 እና 22 ሚሊ ሜትር ነው። ፈረንሳይ 12፣ 14፣ 16፣ 18 እና 22 አላት፤ 15 የላትም። ባለ 15ቱ መጋጠሚያ በ14 ላይ ይላላል፣ በ16 ላይ አይገባም። ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው፦ መደብሩ 15/21 የሚለው የእንግሊዝ ግማሽ ኢንች ነው፣ 20/27 ደግሞ ሦስት ሩብ ኢንች። በማጠፍና በመገመት ጊዜ ከማጥፋት የተቆረጠውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ መደብሩ ውስጥ ለክታችሁ ግዙ። የሁለቱን ጥርሶች ክፍተት ቴፍሎን ይዘጋዋል፤ ጠፍጣፋ ማሸጊያ ባለው መጋጠሚያ ላይ ግን ቴፍሎን ሥራ የለውም።

ክረዝ የግራናይት አገር ነው። ውሃው ልስልስና ትንሽ አሲዳማ ስለሆነ በኖራ ድንጋይ ላይ እንዳለው እንደ ሻራንት አውራጃ ውሃ ቧንቧ አይደፍንም፤ በአንጻሩ ብረቱን ይበላል። አሮጌ ቤት ውስጥ የእርሳስ ቧንቧ ከቀረ ይህ ውሃ እርሳሱን ያሟሟዋል። ለስላሳ ግራጫ ሆኖ በቢላ ጫፍ ሲጫር የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ካያችሁ እስኪቀየር ድረስ ከዚያ አትጠጡ።

ፍሳሹ መሬት ውስጥ ሆኖ ቆጣሪው ብዙ ከቆጠረ፣ የ2011ዱ የዋርስማን ሕግ ይጠቅማችኋል። የውሃ አገልግሎቱ ያልተለመደ ፍጆታ መኖሩን ካሳወቃችሁ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ፍሳሹ መጠገኑን የሚመሰክር የቧንቧ ሠራተኛ ወረቀት ካቀረባችሁ፣ የምትከፍሉት ከአማካይ ፍጆታችሁ እጥፍ አይበልጥም። ሕጉ የሚሸፍነው ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ቧንቧ ነው፤ ቦይለር፣ ሽንት ቤትና የልብስ ማጠቢያ ያፈሰሱትን አይሸፍንም። ደብዳቤው የሚላከው ለገጠሩ ቤት አድራሻ ከሆነና ቤቱ ዝግ ከሆነ ወሩ ሳታዩት ያልፋል። የብሪታንያ አድራሻችሁን ዛሬውኑ አስመዝግቡ።

እሑድ፦ አየርና ግድግዳ

ጩኸት ያለው ሥራ ዛሬ ይቅር፤ ብዙ አውራጃዎች እሑድ ሣር ማጨጃ የሚፈቀድበትን ሰዓት ለጥዋቱ መጨረሻ ብቻ ይሰጣሉ።

የከረመ ቤት ሲከፈት ሁሉም ማሞቂያውን አብርቶ መስኮት ይዘጋል። ይህ እርጥበቱን ከግድግዳው አውጥቶ ወደ ፍራሹና ወደ ቁምሳጥኑ ይወስደዋል። ድንጋዩ ገና የክረምቱን ብርድ ይዟል፤ ለብ ያለና ዝናባማ አየር ሲገባበት ውሃ ሆኖ ይወርድበታል። ስለዚህ ደረቅ ቀን ሲሆን እኩለ ቀን ላይ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ክፈቱ፣ ዝናብ ሲሆን ዝጉ፣ ሙቀቱን በዝግታ አሳድጉ። መናፈሱ ሌላም ጥቅም አለው። ግራናይት ሬዶን የሚባል ሽታ የሌለው ጨረር አመንጪ ጋዝ ይለቃል፣ ተዘግቶ የከረመ ቤት ውስጥም ይከማቻል። የፈረንሳይ ማመሳከሪያ መጠን በሜትር ኩብ 300 ቤከሬል (የጨረር መለኪያ) ነው። መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ማሞቂያ በሚበራባቸው ወራት፣ ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ 2 ወር ይቀመጣል።

ግድግዳው ላይ ልስን ከወደቀ በሲሚንቶ አትድፈኑት። እነዚህን ግድግዳዎች የሠሩት በመላው ፈረንሳይ የታወቁት የክረዝ ግንበኞች ናቸው። ከመካከላቸው ወጥቶ የምክር ቤት አባል የሆነው ማርቲን ናዶ ከ1851ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ዓመታትን በእንግሊዝ በስደት አሳልፏል። ግንቡ የተሠራው በድንጋይና በአፈር ወይም በኖራ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በልስኑ በኩል ወጥቶ ይደርቃል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል፣ ውሃውም ወደ ውስጥና ወደ ወለሉ እንጨት ይሄዳል። 3.5 የሚል ቁጥር ያለበት የተፈጥሮ ኖራ፣ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ለሦስት እጅ አሸዋ፣ ይበቃል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ሌሊት ግን አይለሰንም፤ ከፍ ባለው አገር ሜይ አጋማሽን መጠበቅ ይሻላል።

ኮርኒሱ ላይ ወጥታችሁ ሎዋር የሚባለውን ጭራው ጠጉራም የአይጥ ዘመድ ፈልጉ። ክረምቱን ይተኛል፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ወይም እስከ ሜይ ላይነቃ ይችላል። ቀዳዳውን አሁን መድፈን እሱን ከውስጥ መቆለፍ ነው፤ ሲነቃ መውጫ ፍለጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበላል። ለዛሬ ሽቦዎቹ መላጣቸውን ብቻ መርምሩ።

ሰኞ፦ ማዘጋጃ ቤትና ወረቀት

ዳቦ ቤቱ ሰኞ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ዳቦው እሑድ ይገዛ። የመንደር ማዘጋጃ ቤት በሳምንት ጥቂት ግማሽ ቀናት ብቻ ይከፈታል፤ ሰዓቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። የመስኮት መዝጊያ ቀለም መቀየር፣ መስኮት መለወጥ፣ ከ5 እስከ 20 ካሬ ሜትር መጋዘን መሥራት፣ ከ10 እስከ 100 ካሬ ሜትር ገንዳ መቆፈር፣ ሁሉም ቅድመ ማስታወቂያ ይፈልጋሉ። መልሱ በመደበኛው አንድ ወር ይወስዳል፣ ቅርስ አጠገብ ከሆነ ይረዝማል። በጁላይ ለሚሠራ ሥራ ቅጹ ዛሬ ይግባ።

የፍሳሽ ታንኩን የሚቆጣጠረው ስፓንክ የሚባል የአካባቢው አገልግሎት ነው። ቤት ሲሸጥ የምርመራ ወረቀቱ ከ3 ዓመት ያልበለጠው መሆን አለበት፤ ጉድለት ከተገኘ ገዢው በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ታንኩ የሚመጠጠው ዝቃጩ ግማሹን ሲይዝ ነው። ከተመጠጠ በኋላ ወዲያው በውሃ ይሞላ፤ ባዶ የፕላስቲክ ታንክ በከርሰ ምድር ውሃ ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል። በረኪና አታብዙበት፤ ቆሻሻውን የሚያብላላውን ባክቴሪያ ይገድላል። ክዳኑን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ አታጎንብሱ፣ ጋዙ ሰው ይጥላል።

የቤት ግብር የሚከፍለው ጃንዋሪ 1 ባለቤት የነበረው ሰው ነው፤ የመክፈያው ቀን የሚደርሰው በኦክቶበር አጋማሽ ነው። ታክስ ዳቢታሲዮን የሚባለው የነዋሪ ግብር ለዋና መኖሪያ ከ2023 ጀምሮ ተነስቷል፣ ለዕረፍት ቤት ግን አለ፤ በዲሴምበር አጋማሽ ይከፈላል። ቤቱን ማን እንደሚጠቀምበት በግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ማስታወቅም ግዴታ ነው። አዲስ ባለቤት ወይም ለውጥ ያለበት ሰው ከጁላይ 1 በፊት ካልሞላ 150 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። የኢንሹራንሱን ውልም አውጥታችሁ ስለ ባዶ ቤት የሚለውን አንቀጽ አንብቡ፤ ብዙዎቹ በክረምት ውሃው ተዘግቶ ቧንቧው ካልተደረቀ የበረዶ ጉዳት አይከፍሉም።

ማክሰኞ፦ ጭስ ማውጫ፣ ጋዝ፣ መመለሻ

ጭስ ማውጫው ቢያንስ በዓመት አንዴ በባለሙያ ይጠረግ፣ የምስክር ወረቀቱም ይቀመጥ፤ ከእሳት አደጋ በኋላ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው እሱን ነው። በጸደይ ወፍ ጎጆ ስለምትሠራበት ሳይታይ እሳት አይነድበት። ማገዶ በስቴር ይሸጣል፦ አንድ ስቴር የአንድ ሜትር ግንድ ተደርድሮ አንድ ሜትር ኩብ ሲሆን ነው፤ ያው እንጨት በ50 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ መጠኑ ያነሰ ቢመስልም አልተታለላችሁም። የባሉጥ ፍልጥ ለመድረቅ ሁለት ዓመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ አሁን የሚገዛው ለከርሞ ነው።

ውጭ የሚቆም የጋዝ ሲሊንደር ፕሮፔን ይሁን፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጋዝ መሆኑን ያቆማል። ፕሮፔን የ37 ሚሊ ባር ሬጉሌተር ይወስዳል፣ ቡቴን የ28፤ አይለዋወጡ። የላስቲክ ቱቦው ላይ የታተመው ዓመት ካለፈ ቀይሩትና መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ፈትሹ።

ስትወጡ ዋናው ውሃና የቦይለሩ ብሬከር ይዘጉ፤ የውጭው ቧንቧ ግን ጨርሶ ይድረቅ። በፈረንሳይ ገበሬዎች ዘንድ ከሜይ 11 እስከ 13 ያሉት ቀናት የበረዶ ቅዱሳን ይባላሉ፣ ከእነሱ በፊት የሌሊት ውርጭ አልተሰናበተም።

የቀን ቆጠራው ከዚህ ጋር ይሄዳል። የሼንገን ሕግ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ የ90 ቀን ቆይታ ይፈቅዳል፤ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ጁን 1 ገብቶ ኦገስት 29 የወጣ ሰው 90ውን ጨርሷል፣ እስከ ኖቬምበር 28 መመለስ አይችልም። በዚህ መካከል ክረዝ ውርጭ ጀምሯል፣ ቧንቧው ግን ውሃ እንደያዘ ነው። ከኤፕሪል 16 እስከ 21 ለመክፈቻ፣ ከኦክቶበር 22 እስከ 27 ለመዝጊያ ስድስት ስድስት ቀን አስቀድሞ የያዘ ሰው ግን ለበጋው እስከ 84 ቀን ይቀረዋል፤ በኦክቶበር ሲመለስ የኤፕሪሉ ስድስት ቀን ከቆጠራው ወጥቷል። የበጋውን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኦክቶበሩን ቁረጡ።